ከእምነት ቃል ወደ ማስረጃ፦ የፎረንሲክ ሳይንስ በወንጀል ምርመራ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ፎረንሲክ ሳይንስ ነው። ርእሱ እጅግ ሰፊ በመሆኑ ሁሉንም ለመንካት አልሞክርም። ስለ መሣሪያና ጥይት ምርመራ፣ ስለ መርዝ፣ ስለ ስልክና ስለ ኮምፒውተር ማስረጃ ብዙ የሚነገር አለ፤ እርሱን ለባልደረቦቼ እተዋለሁ። እኔ የማተኩረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። አንድ ሰው በመርማሪ ፊት ቀርቦ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ብሎ ካመነ በኋላ ሳይንስ የሚጨምረው ምን ነገር አለ? ለብዙ ሰው ጥያቄው ትርፍ ሊመስል ይችላል። ያመነ ካለ ጉዳዩ አለቀ የሚለው ልማድ ግን በመርማሪዎች ዘንድ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በአስከሬኑ ዙሪያ በተሰበሰበው ሕዝብ፣ በጋዜጠኛውና በእኛም ልብ ውስጥ አለ። ከዚህ ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

ነገሩን በእንግሊዝ አገር በሌስተርሻየር አውራጃ በተፈጸመ ወንጀል እጀምራለሁ። ናርቦሮና ኤንደርቢ የሚባሉ ሁለት ጎረቤታሞች መንደሮች አሉ። በኅዳር ወር 1983 አንዲት የ15 ዓመት ልጃገረድ ናርቦሮ ውስጥ በእግረኛ መንገድ ዳር ተደፍራና ታንቃ ተገኘች። ፖሊስ ወራት ፈጅቶ ምንም አላገኘም። በሐምሌ 1986 ከዚያ ብዙም በማይርቅ ሥፍራ ሌላ የ15 ዓመት ልጃገረድ በተመሳሳይ መንገድ ተገደለች። በዚህ ጊዜ ፖሊስ ተጠርጣሪ አላጣም። በአንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ የሚሠራ፣ አእምሮው ለነገር ዘገየት የሚል የ17 ዓመት ወጣት ተያዘ። በምርመራም ሁለተኛዪቱን ልጅ መግደሉን አመነ፤ የመጀመሪያዪቱን ግን አላመነም።

መርማሪዎቹ ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው ስለ መሆኑ እርግጠኞች ነበሩ። ስለዚህ ወጣቱን ከመጀመሪያው ግድያ ጋር የሚያያይዝላቸው ነገር ፈለጉ። ከመንደሮቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኘው የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሌክ ጀፍሪስ የሚባል የዘረ መል ተመራማሪ ነበረ። ጀፍሪስ መስከረም 10 ቀን 1984 በቤተ ሙከራው ውስጥ አንድ የኤክስሬይ ፊልም ሲያነሣ፣ ሰውን ከሰው የሚለይ የዲ ኤን ኤ ንድፍ አየ። ግኝቱ መጀመሪያ የዋለው ለወንጀል አልነበረም። በ1985 ከጋና ወደ እንግሊዝ የተመለሰ አንድ ልጅ፣ የኢሚግሬሽን ሹማምንት «የዚህች እናት ልጅ አይደለህም» ብለው ሊመልሱት ሲሉ፣ በዚሁ ምርመራ ልጅነቱ ተረጋግጦ ከእናቱ ጋር ሊኖር ቻለ። ይህን በመሐል የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የዲ ኤን ኤ ምርመራ በታሪኩ መጀመሪያ የፈረደው ለአንድ አፍሪካዊ ቤተሰብ መሆኑ ሊታወስ ይገባል እላለሁ።

ፖሊስ ወደ ጀፍሪስ ሲሄድ የፈለገው ማረጋገጫ ነበር፤ ያገኘው ግን ያላሰበውን ነው። ከሁለቱም ልጃገረዶች አካል የተወሰደው የዘር ፈሳሽ የአንድ ሰው ነው፤ በዚህ ረገድ መርማሪዎቹ ልክ ነበሩ። ያ ሰው ግን በእስር ያለው ወጣት አልነበረም። ውጤቱ የመንግሥቱ የፎረንሲክ ባለሙያዎች በድጋሚ መርምረውት ያው ሆነ። ወጣቱ ለሦስት ወር ያህል ከታሰረ በኋላ በኅዳር 1986 ተለቀቀ። ጀፍሪስ ይህ ምርመራ ባይኖር ኖሮ ልጁ ያለ ጥርጥር ይፈረድበት እንደ ነበር በኋላ ደጋግሞ ተናግሯል። የተማሪዎቼን ትኩረት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ዲ ኤን ኤ በወንጀል ምርመራ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ሥራ አንድን ያመነ ሰው ነጻ ማውጣት ነው። ወንጀለኛው የተያዘው ከዚያ በኋላ ነው።

ለምን አመነ? መልሱን ከእንግሊዝ ርቀን መፈለግ አያስፈልገንም፤ «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» የሚል ሕዝብ ነን። ወጣት ሲሆን፣ ሲደክም፣ ሲፈራ፣ ብቻውን ሲሆንና «እመንና ይቅለልህ» ሲባል ሰው ያላደረገውን ያምናል። ለዚህ ዱላ የግድ አያስፈልግም። መርማሪው በጥያቄው ውስጥ ሳያውቀው የሚያስገባው ዝርዝር ከተጠርጣሪው አፍ ተመልሶ ሲወጣ ገዳዩ ብቻ የሚያውቀው ምስጢር ይመስላል።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። በ1987 መጀመሪያ ፖሊስ በአካባቢው የሚኖሩ ከ17 እስከ 34 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ወንዶች በፈቃዳቸው ደምና ምራቅ እንዲሰጡ ጠየቀ። ወደ 5,000 የሚጠጉ ሰዎች ሰጡ። ናሙናዎቹ መጀመሪያ በደም ዓይነት እየተጣሩ፣ ያለፉት በዲ ኤን ኤ ተመረመሩ። አንድም የሚገጥም ጠፋ። ገዳዩ የዳቦ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ፎቶግራፉ በተቀየረ ፓስፖርት የሥራ ባልደረባውን በስሙ ልኮ ደም አሰጥቶ ነበር። ነገሩ የወጣው ያ ባልደረባ መጠጥ ቤት ውስጥ ለጓደኞቹ ሲያወራ አንዲት ሴት ሰምታ ለፖሊስ በመናገሯ ነው። ሰውየው በመስከረም 1987 ተያዘ፤ የእርሱ ደም ሲመረመር ገጠመ፤ በጥር 1988 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። እንግዲህ ማን ያዘው? ቤተ ሙከራው ወይስ የሰማችው ጆሮ? እኔ ሁለቱም ነው እላለሁ። ያቺ ሴት ባትናገር አምስት ሺህ ናሙና ከንቱ ነበር። ዲ ኤን ኤ ባይኖር ደግሞ የሴትዮዋ ቃል ስለ አንድ የፓስፖርት ማጭበርበር የሚነገር ወሬ ሆኖ በቀረ። ሳይንስ መርማሪን ይተካል የሚሉ ሰዎች ይህን መዝገብ ቢያነቡ መልካም ነው።

አሁን ወደ ምርመራው አሠራር ልለፍ። በመካከላችን የሥነ ሕይወት ባለሙያ ላልሆኑት በቀላሉ ልግለጸው። የሁላችን ዲ ኤን ኤ በአብዛኛው አንድ ነው። ልዩነታችን ያለው በጥቂቱ ክፍል ሲሆን፣ ፎረንሲክ የሚመለከተውም ከዚያው ጥቂት ውስጥ የተመረጡ ሥፍራዎችን ነው። በእነዚህ ሥፍራዎች ላይ አንድ አጭር ቃል፣ ብዙውን ጊዜ አራት ፊደል ያለው፣ ተከታትሎ ይደጋገማል። አንዱ ሰው ሰባት ጊዜ፣ ሌላው ዐሥራ አንድ ጊዜ ይኖረዋል። ከአባትና ከእናት አንድ አንድ ስለምንወርስ ለእያንዳንዱ ሥፍራ ሁለት ቁጥር አለን። የባለሙያው ሥራ እነዚህን ድግግሞሾች መቁጠር ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ ውስጥ የሚቆጠሩት ሥፍራዎች መጀመሪያ 13 ነበሩ፤ ከ2017 ጀምሮ 20 ሆነዋል።

በጀፍሪስ ዘመን ለምርመራው ብዙ ደም ያስፈልግ ነበር። በ1983 ኬሪ ሙሊስ ያሰበው የዲ ኤን ኤ ማባዣ ዘዴ ይህን ለወጠው። ዘዴው አንዱን ቅጂ ሁለት፣ ሁለቱን አራት፣ አራቱን ስምንት እያደረገ ይሄዳል፤ ሠላሳ ጊዜ ሲደጋገም ከአንድ ቅጂ ወደ አንድ ቢሊዮን ይደረሳል። ስለዚህ ዛሬ በጽዋ ከንፈር ላይ የቀረ ምራቅ፣ በሲጋራ ቁራጭ ላይ ያለ እርጥበት፣ በቢላ እጀታ ላይ የተላጠ ጥቂት ቆዳ ይበቃል። ይህ በረከት የራሱ መዘዝ አለው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ቁጥሩ የሚሰጠን ኃይል ከመባዛት የመጣ ነው። በአንድ ሥፍራ ላይ ያንተን ዓይነት ቁጥር የሚይዝ ሰው ከዐሥር አንድ ነው እንበል። ይህ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ሥፍራዎቹ አንዱ ከሌላው ነጻ ከሆኑ ግን በአምስት ሥፍራ ላይ መግጠም ከመቶ ሺህ አንድ፣ በዐሥር ሥፍራ ላይ ከዐሥር ቢሊዮን አንድ ይሆናል። በተግባር ስሌቱ ከዚህ የተወሳሰበ ነው፤ የሥጋ ዘመዶች ብዙ ይጋራሉ፤ ከአንድ እንቁላል የተወለዱ መንትዮች ደግሞ በዚህ ምርመራ አይለዩም። «ከዐሥር አንድ» የሚለው ቁጥርም የሚገኘው ከተጠናው ሕዝብ ነው። በአውሮፓ ሕዝብ ላይ የተጠና ቁጥር አምጥቶ በአገራችን ተከሳሽ ላይ መጫን አይገባም።

ዳኞችና ጠበቆች በመካከላችን ስላሉ፣ ከዚሁ ጋር አንድ የተለመደ የአመክንዮ ስሕተት ላንሣ። ማስረጃው ጎደሎ ሆኖ ጥቂት ሥፍራዎች ብቻ ተነበቡ፤ ባለሙያውም «ይህ ንድፍ የሚገኘው ከአንድ ሚሊዮን ሰው በአንዱ ላይ ነው» ብሎ መሰከረ እንበል። ዐቃቤ ሕጉ ተነሥቶ «እንግዲህ ተከሳሹ ንጹሕ የመሆን ዕድሉ ከሚሊዮን አንድ ነው» ቢል ትልቅ ስሕተት ይሠራል። አምስት ሚሊዮን ሕዝብ ባለበት ከተማ ውስጥ ይህ ንድፍ ያላቸው አምስት ያህል ሰዎች ይገኛሉ ማለት ነውና። ሌላ ማስረጃ ከሌለ ተከሳሹ ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነው። በዚያች ሌሊት በሥፍራው የታየ፣ ከሟች ጋር ጠብ የነበረው፣ የተሰረቀው ዕቃ በቤቱ የተገኘ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። የባለሙያው ቁጥር የሚመልሰው «ንድፉ ምን ያህል ብርቅ ነው?» የሚለውን ነው፤ «ጥፋተኛው ማን ነው?» የሚለው የዳኛው ጥያቄ ነው።

ቀደም ብዬ ስለ ጠቀስኩት መዘዝ የጀርመን አገር አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ2007 በሃይልብሮን ከተማ አንዲት ወጣት ፖሊስ በተሽከርካሪዋ ውስጥ እንዳለች በጥይት ተገደለች። ከመኪናው ላይ የአንዲት ያልታወቀች ሴት ዲ ኤን ኤ ተገኘ። ይኸው ዲ ኤን ኤ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ ወደ 40 በሚጠጉ የወንጀል ሥፍራዎች ታይቷል፤ በነፍስ ግድያም፣ በተራ የቤት ስርቆትም። ፖሊስ ለጠቆመ ሰው የ300,000 ዩሮ ሽልማት አቀረበ። ጋዜጦች ሴትዮዋን «የሃይልብሮን መንፈስ» አሏት። በ2009 የአንድ ወንድ አስከሬን ማንነት ለማጣራት በሰነዶቹ ላይ ምርመራ ሲደረግ የዚችው ሴት ዲ ኤን ኤ ብቅ አለ፤ ያን ጊዜ ሰዎቹ ነቁ። ሴትዮዋ ወንጀለኛ አልነበረችም። ናሙና የሚነሣባቸውን፣ ጫፋቸው ጥጥ የተጠመጠመባቸውን እንጨቶች በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ ሠራተኛ ነበረች። ጥጡ ከተሕዋስያን ጸድቷል፤ ከዲ ኤን ኤ ግን አልጸዳም፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዚህ ሁሉ ጊዜ እውነተኞቹ ገዳዮች አልተደረሰባቸውም፤ የሟቿ ሽጉጥ የተገኘው በ2011 በአንድ የዘረኞች ቡድን እጅ ነው።

የጣት አሻራም ከዚህ አያመልጥም። በመጋቢት 2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ ከደረሰው ፍንዳታ በኋላ የፈንጂ ማቀጣጠያ በያዘ ከረጢት ላይ አንድ አሻራ ተገኘ። የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ ሦስት ባለሙያዎች አሻራው በኦሪገን ግዛት የሚኖር የአንድ ጠበቃ ነው አሉ፤ በፍርድ ቤት የተሾመ አራተኛ ባለሙያም ተስማማ። ጠበቃው እስልምናን የተቀበለ ሰው ነበር። የስፔን ፖሊስ ግን ቀድሞውኑ ተጠራጥሮ ነበር፤ በመጨረሻም አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን አረጋገጠ። ጠበቃው ሁለት ሳምንት ያህል ታስሮ ተለቀቀ፤ መንግሥትም ይቅርታ ጠይቆ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ካሠው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የመሣሪያ አልነበረም። የመጀመሪያው ባለሙያ «ገጥሟል» ማለቱን ሁለተኛውና ሦስተኛው እያወቁ ነው የመረመሩት። ስለዚህም ነው ሁለተኛ መርማሪ የመጀመሪያውን ውጤት ሳያውቅ ይሥራ የምንለው። በ2009 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ምክር ቤት ባወጣው ሪፖርት ከዲ ኤን ኤ በስተቀር ሌሎቹ የፎረንሲክ ዘዴዎች አንድን ማስረጃ ከአንድ ግለሰብ ጋር በእርግጠኝነት ለማገናኘት ያላቸው ችሎታ በጥብቅ ጥናት አልተረጋገጠም ብሎ የደመደመው በከንቱ አይደለም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲያውስ ሳይንሱ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ሰው ቢኖር፣ ሳይንስ ያልነበረበትን ዘመን እንዲያስታውስ እጠይቀዋለሁ። በአገራችን ጥፋተኛ ሲጠፋ አውጫጭኝ ይደረግ ነበር፤ በአንዳንድ ሥፍራ አፈርሳታ ይባላል። የአካባቢው ሰው በአንድ ሥፍራ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ከሥራውና ከቤቱ ይታገድ ነበር። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ጥበብ እንዳለ አልክድም፤ መንደር ብዙ ያውቃል። ሆኖም መንደር የሚጠላውንም ሰው ያውቃል። ሌባ ሻይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ፣ በገመድ ተይዞ ይሄዳል፤ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ልማዱ በመንግሥት ተከልክሎ ቀርቷል። ከዚያ ዘመን መራቃችን የሚለካው ግን በመሣሪያ አይደለም። ሌባ ሻይን ክፉ ያደረገው ተከሳሹ የሚከራከርበት ነገር አለመኖሩ ነው። የሰከረ ልጅ መስቀለኛ ጥያቄ አይጠየቅም። የቤተ ሙከራ ሪፖርትም ባለሙያው ሳይቀርብ፣ ዘዴው ሳይገለጽ፣ የስሕተቱ መጠን ሳይነገር በማኅተም ብቻ ከቀረበ፣ ከዚያ ልጅ በምን እንደሚለይ እኔ አይታየኝም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ፎረንሲክ ሳይንስ ከሩቅ የሚሰማ ዜና ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቀይ ሽብርን ወንጀል ለመመርመር የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ከአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን እርዳታ አግኝቶ ነበር። ይህ ቡድን በ1984፣ አሜሪካዊው የአጥንት ተመራማሪ ክላይድ ስኖው በአርጀንቲና ወታደራዊ መንግሥት ጠፍተው የቀሩትን ሰዎች ለመፈለግ ካሠለጠናቸው ተማሪዎች የተወለደ ነው። ባለሙያዎቹ በእኛም አገር የጅምላ መቃብሮችን ቆፈሩ። መቃብሩን የከፈቱት በአካፋና በዶማ ተቻኩለው አልነበረም፤ በብሩሽና በትንንሽ መሣሪያ፣ እያንዳንዱን አጥንት ባለበት ፎቶግራፍ እያነሡ ነው። በኮተቤ በተከፈተው መቃብር ውስጥ የሟቾቹ አንገት ላይ የታነቁበት ገመድ እንዳለ ተገኘ። ናይለን አይበሰብስምና ሥጋው ካለቀ በኋላም ገመዱ ነበረ።

ያ ገመድ ምን ይናገራል? እነዚህ ሰዎች በተኩስ ልውውጥ አለመሞታቸውን ይናገራል። የትእዛዝ ሰነዶች «እርምጃ ተወሰደ» የሚሉ ቃላት ነበሩባቸው፤ አጥንቱ ደግሞ እርምጃው ምን እንደ ነበረ አሳየ። አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ነው። ሰነድ ያለ አስከሬን «ቃሉ ሌላ ትርጉም አለው» ለሚል ተከራካሪ በር ይከፍታል፤ አስከሬን ያለ ሰነድ ደግሞ አዛዡን አያሳይም። ክሱ በታኅሣሥ 1994 መሰማት ጀምሮ ዋናዎቹ ተከሳሾች በታኅሣሥ 2006 ጥፋተኞች ተባሉ። ከፍርዱ ባሻገር የቤተሰቦች ነገር አለ። ልጃቸው የለበሰውን ሹራብ፣ የተሰበረ ጥርሱን፣ በልጅነቱ የወደቀበትን እግር ለባለሙያዎች የዘረዘሩ እናቶች ነበሩ። እንዲህ ያለው ዝርዝር በባለሙያ እጅ ሲገባ መታወቂያ ይሆናል። ለቅሶ ሳይቀመጡ፣ ተዝካር ሳያወጡ ዓመታት ለቆጠረ ቤተሰብ አጥንት አግኝቶ በቤተ ክርስቲያን መቅበር ምን ማለት እንደሆነ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ትላልቆች ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ።

ወደ ሕጉ ልመለስና ንግግሬን ላሳጥር። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በአንቀጽ 34 መርማሪ ፖሊስ ተከሳሽ በሐኪም እንዲመረመር፣ የደም ምርመራን ጨምሮ፣ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። በአንቀጽ 134 መሠረት ተከሳሽ ወንጀሉን በሙሉ ካመነ ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ጥፋተኛ ሊለው ይችላል፤ ነገር ግን አስፈላጊ መስሎ ከታየው ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ እንዲያሰማ ሊያዝ ይችላል። ይህ ሁለተኛው ሐረግ ከወረቀት ላይ እንዲወርድ እመኛለሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል፤ ተገድዶ ይሁን ወዶ ያመነው ግን ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ከቃሉ ውጭ ያለ ማስረጃ ሲኖር ነው። የሌስተርሻየሩ ወጣት ማንም አልደበደበውም፤ ነገር ግን አምኖ ነበር።

በመጨረሻ ለፖሊስ ባልደረቦች አንድ ተግባራዊ ነገር ብዬ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እሄዳለሁ። ውድ የሆነው መሣሪያ ገና ባይደርሳችሁም፣ መሣሪያው ሲደርስ የሚመረምረው ነገር ዛሬ በእናንተ እጅ ነው። ደም ወይም ሌላ ፈሳሽ የነካውን ልብስ በፌስታል አትቋጥሩት፤ እርጥበቱ ታምቆ ሻጋታና ባክቴሪያ ዲ ኤን ኤውን ይበላዋል። ጥላ ባለበት ሥፍራ፣ ፀሐይ ሳይነካው፣ በንጹሕ ወረቀት ላይ አድርቁት፤ ከዚያም በወረቀት ፖስታ ለየብቻው አሽጉት። የተጠርጣሪውንና የተጎጂውን ልብስ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አታኑሩ። ጓንት ባንድ ሥፍራ ከተጠቀማችሁበት ለሚቀጥለው ዕቃ ቀይሩት። በፖስታው ላይ ማን እንዳነሣው፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ለማን እንዳስረከበ ይጻፍ፤ ተቀባዩም ይፈርም። የተደፈረች ሴት ወደ ጣቢያ ስትመጣ ቃሏን ለመቀበል ሰዓታት ከማስቀመጥ አስቀድማችሁ ወደ ሐኪም አድርሷት፤ ሰውነቷ ላይ ያለው ማስረጃ በየሰዓቱ ይቀንሳል፤ ቃሏ ግን ይጠብቃል።

 አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ።